ጉሮሮውን የማይጠርግ ጠላት

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

«አባወራው ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለመደበቅ ያላችሁ ጊዜ ከጉሮሮው እስከ በሩ ያለው ብቻ ነው። አባወራው ከእናንተ ይማራል። በተማረ ቁጥር ጊዜውን ያሳጥረዋል። በመጨረሻ ጉሮሮውን መጥረግ ይተዋል። ፍርሃት ምን እንደሆነ የምታውቁት ያን ቀን ነው።»

ለልጄ ለህሊና ዋሴ፦

ከላይ የገለበጥሁት «እልፍኝ» ያላችሁት የኮምፒውተር ጨዋታ ሲከፈት የሚነበበውን ነው። ቃል አልጨመርሁም፣ ቃል አልቀነስሁም። የጎደለ አራት ነጥብ ነበር፤ እሱን ሞልቼልሻለሁ። ስለ ጤናሽ በሌላ ወረቀት እጠይቃለሁ፤ ይህ ወረቀት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ኢንተርኔት እዚህ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ጨዋታውን ከባሕር ዳር ያመጣው በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረው አንተነህ ነው። ከእሱ ፍላሽ ወጥቶ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ከአርብ ገበያ ከተማ መጥተው እዚህ ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ አሁን ያውቁታል። ባለፈው ሰኞ ሰሌዳ ላይ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ስጽፍ ከኋላ ወንበር አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ። የእኔ ጉሮሮ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር የእነዚህ ልጆች ወላጆች ገና አልተጋቡም ነበር። በክፍሌ ውስጥ ተስቆብኝ አያውቅም።

አንተነህ ቤት ሄጄ ተጫወትሁት። ሳይመረምር የሚናደድ ሰው አይደለሁም።

ቤቱ የእኔ ቤት ነው። የግቢው የቆርቆሮ በር፣ ጠጠሩ፣ በሳሎኑና በመኝታ ክፍሉ መካከል ያለው መጋረጃ፣ ሬዲዮው የሚቀመጥበት መስኮት፣ ሁሉም አለ። የቤቱ በር ግን ወደ ውጭ ይከፈታል ብላችኋል። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ተወልደሽ ያደግሽበት በር ወዴት እንደሚከፈት ያላየሽ ሰው ምን አይተሽ ነው ለሌላው የምታሳዪው? ደግሞ ይህ አባወራ የተባለው ለምን ወደ ቤት እንደሚገባ የሚናገር የለም። ቤቱ የገዛ ቤቱ ነው። ሠርቶ የደከመ ሰው ወደ ቤቱ ቢገባ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

አሁን ወደ ጉሮሮው ልምጣ። በዚህ ከተማ ነፋሱ የቆርቆሮ በር ሲያንገጫግጭ ነው የሚውለው። ሰውን ከነፋስ የሚለየው ጉሮሮ ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ የሚገባ ሰው «መጥቻለሁ፤ ነጠላሽን አስተካክዪ፤ የምትሸሽጊው ካለ ሸሽጊ፤ ስታለቅሺ ከነበር ፊትሽን ጥረጊ» ማለቱ ነው። በገዛ ቤቱ እንኳ ለሰው ጊዜ መስጠቱ ነው። አባቴ እንዲህ ይገባ ነበር፤ የእሱም አባት እንዲሁ። እናንተ ይህን ጨዋነት ወስዳችሁ የአውሬ ድምፅ አደረጋችሁት። አውሬ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ለድርጅታችሁ ማን እንደነገረና ማን እንደፈቀደ እስከ ጥቅምት 20 ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ። በስልክ አትመልሺ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የተባለውና ያልተባለው አይለይም።

አባትሽ ዋሴ ይታያል
የፊዚክስ መምህር


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፦

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ፣ ባይጠይቁም።

ደብዳቤዎን የአውቶቡሱ ረዳት መሥሪያ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ፖስታው ላይ ስሜን የጻፉበትን አጻጻፍ አይቶ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎት ነበር፤ በሁለት እጁ ሰጥቶኝ «አይዞሽ» ብሎኝ ሄደ።

ማን ነገረ ላሉት፣ ማንም። የአባወራውን ባሕርይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሚሊዮን የሚባል ባልደረባዬ የጻፍኩትን ወደ ፕሮግራም ይለውጠዋል። ማን ፈቀደ ላሉት፣ እሱም ማንም። በልጅነቴ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ ለመጠቀም ከየትኛው ቢሮ ፈቃድ እንደሚወጣ አላውቅም። ድምፁም የእርስዎ አይደለም። እኔ ነኝ አስመስዬ የቀዳሁት፤ ሚሊዮን አወፈረው።

ሳይመረምሩ እንደማይናደዱ ስለጻፉ እንዴት እንደሠራነው ልንገርዎት። መጀመሪያ አባወራው ድምፅ አልነበረውም። ድንገት ይገባል፣ ተጫዋቹ ከወንበሩ ይዘላል፣ ከዚያ ይስቃል። ድንጋጤ እንደዚያ ነው፤ መጥቶ ያልፋል፣ ሰውም በራሱ ይስቃል። ሚሊዮን ቁመት ጨመረለት፣ ጥርስ ጨመረለት። ሳቁ ባሰ። አንድ ቀን ጥርሱን አውልቀን ጉሮሮ እንስጠው አልኩ። በማግሥቱ ልትሞክር የመጣች ልጅ የመጀመሪያውን ጉሮሮ እንደሰማች ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ውኃ ለመነች። አባወራው ገና አልገባም ነበር። በሩ ዝግ ነበር።

የሚማረው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሮጥ፣ ምን ያህል ወደ ኋላው እንደሚዞር፣ ማውሱ ላይ እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያያል። ለመደበቅ የሚበቃውን ጊዜ ያውቅና ከዚያ ትንሽ ያነሰ ይሰጠዋል። ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ጊዜውን በሙሉ አይወስድበትም። ሁሉን ብንወስድበት ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ ጨዋታውን ይዘጋዋል። ፍርሃት ትንሽ ተስፋ ካላገኘ አይቆይም።

ጨዋነት ነው ብለዋል። ከውጭ ለቆመው እንደዚያ ይሆናል። እኛ ውስጥ ነበርን። እኔና እማዬ ሬዲዮ ከፍተን ስንስቅ ጉሮሮዎ ይሰማል፣ ሬዲዮው ይዘጋል። ሬዲዮ አትክፈቱ ብለው አያውቁም። ተቆጥተውም አያውቁም። ግን ይዘጋል። ለምን እንደምንዘጋው እማዬን ብጠይቃት «አባትሽ መጣ» ትለኛለች፤ ሌላ ምክንያት ኖሯት አያውቅም።

በአክስቴ በየኔነሽ በኩል የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። የእማዬ የሰባት ዓመት ተዝካር ጥር 14 ቀን መሆኑን ያለ አስታዋሽ አውቃለሁ። መምጣት አለመምጣቴን ገና አልወሰንኩም።

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ልክ ነዎት። ሚሊዮን ያስተካክለዋል።

ልጅዎ ህሊና


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለህሊና ዋሴ፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በጊዜው መድረሱን አመሰግናለሁ፤ ሌላ የማመሰግነው አላገኘሁበትም።

በመጀመሪያ፣ በየኔነሽ በኩል ምንም አልላክሁም። ወገዳ ከተማ ለቅሶ ሄጄ ስንገናኝ ህሊና ትመጣ ይሆን ወይ ብያታለሁ። ሰው ከሚስቱ እኅት ጋር ተቀምጦ ያሰበውን መናገሩ መልእክት መላክ አይደለም።

ሬዲዮውን በሚመለከት፣ እንዳልከለከልሁና እንዳልተቆጣሁ በራስሽ እጅ ጽፈሻል። እንግዲህ ራሳችሁ ከፍታችሁ ራሳችሁ የዘጋችሁትን ሬዲዮ በእኔ ስም መመዝገብሽ በምን ስሌት ነው? እኔ ስገባ ሬዲዮ ተዘግቶ ነው የማገኘው። ይህ ቤት ሬዲዮ የማይወድ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለሚሊዮን የምትነግሪልኝ አለ። ተማረ የምትሉት የጨዋታችሁ ጠላት፣ ያ አባወራ፣ ደንቆሮ ነው። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የት እንደሚደበቅ። ይህን ድመትም ታውቃለች፤ ለድመት ግን አእምሮ አላት ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈላት የለም። አእምሮ ያለው ፍጥረት የሚይዘውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ይማራል። የእናንተው መተው አያውቅም።

ይህን በምርመራ አረጋግጫለሁ። ባለፈው እሑድ አንተነህ ቤት ነበርሁ። ሚስቱ ቤቲ የእስቴ አገር ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነክታ አታውቅም። ስንጫወት አይታ እስቲ ልሞክረው አለች። አባወራው በር ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ቤቲ ጨዋታው ውስጥ የምታንቀሳቅሳትን ልጅ ከተቀመጠችበት አስነሥታ በሩ አጠገብ አቆመቻት። አንተነህ ተደበቂ እንጂ፣ ይገድልሻል እኮ ቢላት፣ ዘወር ብላ «ትልቅ ሰው ሲገባ አልጋ ሥር ልግባ? አሳዳጊ የበደላት መሰልኩህ?» አለችው።

ጠላታችሁ ገባ። ቆመ። መኝታ ክፍል ገብቶ አልጋ ሥር አየ፤ ቁም ሣጥን ከፈተ፤ ተመልሶ መጣ። የሚፈልጋት ልጅ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ እሱ ምሰሶውን ይዞራል። ዞረ፣ ዞረ፣ አላቆመም። ቤቲ ከልቧ አዝና «ምን ጠፍቶባቸው ነው እኚህ ሽማግሌ?» ብላ ጠየቀችን። አንተነህ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይህን ያህል ሰው ደክሞበት፣ ይህን ያህል መብራት ፈጅቶ የተሠራ አእምሮ፣ ብድግ ብሎ የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ የሚያደርገው የለውም። ይህን ነው ለዓለም የምታቀርቡት።

ከሁሉ የከፋው ግን ጊዜው ነው። ከግቢው በር እስከ ቤቱ በር ያለው መንገድ አይረዝምም፣ አያጥርም። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ በአንድ ዓይነት እርምጃ ነው የምገባው። የሰጠሁትን ጊዜ መልሼ የሸራረፍሁበት ቀን የለም። ሰው ለመያዝ ብሎ ጉሮሮውን የተወ አባወራ በዚህ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ጊዜው ቋሚ ይደረግ፣ ጉሮሮውን የሚተውበት የመጨረሻውም ደረጃ ይነሣ። ለሁለቱም እስከ ኅዳር 15 ቀን በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ።

አባትሽ ዋሴ ይታያል
የፊዚክስ መምህር


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለህሊና፦

የሰጠሁሽ ቀን አልፏል። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ሰምቻለሁና እስከ ኅዳር 30 አራዝሜልሻለሁ። ማራዘሙ ለመንገዱ ነው፤ ለአንቺ አይደለም።

ክፍል ውስጥ ጉሮሮ የሚጠርግ ጠፍቷል። ልጆቹ ሰልችቷቸው ወደ እግር ኳስ ጨዋታቸው ተመልሰዋል። ሥራችሁ የአንድ ወር ዕድሜ እንኳ አልነበረውም፤ ይህንን ለሚሊዮን ንገሪው።

ስለ ጤናሽ በሌላ ወረቀት እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ወረቀቱ ይህ ነው። እንዴት ነሽ?

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፦

ሁለቱም ደብዳቤዎች ትናንት በአንድ ላይ ደረሱኝ። ደኅና ነኝ። ክረምቱን ጨጓራዬን አሞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል።

የቤቲን ነገር ለሚሊዮን አነበብኩለት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና የአባወራውን ፕሮግራም ከፈተ። ጨዋታውን ያስሞከርነው በሙሉ የአዲስ አበባ ልጆችን ነው። ሁሉም ተደበቁ። እኛም ሰው ሁሉ ይደበቃል ብለን አባወራውን የተደበቀ ሰው ብቻ እንዲፈልግ አደረግነው። የቆመ ሰው ለእሱ የቤት ዕቃ ነው። ሚሊዮን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከእኛው ከጋይንት ወጥቼ ተነሥቶ መቀበልን ረሳሁት። ይህን ስሕተት ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ይስተካከላል።

ሌላውን አልቀበልም።

«ሰው ለመያዝ ብሎ ጉሮሮውን የተወ አባወራ በዚህ ቤት አልነበረም» ብለው ጽፈዋል። ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ቃል መርጠው የሚጽፉ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ ጉሮሮውን የተወ አልነበረም ብለው እንዳልጻፉ አስተውያለሁ። መካድ ስላልቻሉ ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ «ሰው ለመያዝ ብሎ» የሚል ሰኩበት።

ጥቅምት 2011 ነበር። እማዬን ለማስታመም ዩኒቨርሲቲ አቋርጬ የመጣሁ ጊዜ። ከምሳ በኋላ ነው፤ እማዬ መኝታ ክፍል ተኝታለች፣ እኔ ሳሎን ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ከጓደኛዬ ጋር በስልክ አወራለሁ። ድካሙ አሸንፎኝ ነበር። «እሷ ከሞተች በኋላ እዚህ ቤት አንድ ቀን አላድርም» አልኩ። ስዞር በሩ ላይ ቆመዋል። ጉሮሮዎን አልሰማሁም። የግቢውን በር አልሰማሁም። ጫማዎን አውልቀው በእጅዎ ይዘዋል፤ በካልሲ ነዎት። አዩኝ። አልፈውኝ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

ከዚያ በኋላ እማዬ እስክትሞት ድረስ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ አልሰማሁም። በሩን ነፋስ ባንገጫገጨው ቁጥር እርስዎ ነዎት ብዬ ስልኬን እደብቅ ነበር። ቀን ቀን የሚያስፈራ ነገር አይቼ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። አባወራው ጥርስ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ተማሩ፤ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ ሰው ከፊትዎ የሚሰውረው ነገር እንዳለ ገባዎት፤ እና ተዉት። ሰው በካልሲ ወደ ገዛ ቤቱ የሚገባው ለሌላ ለምን ነው?

የመጨረሻው ደረጃ አይነሣም። ጨዋታው ውስጥ ካለው ሁሉ እውነት እሱ ብቻ ነው።

ተዝካሩ ላይ አልመጣም። ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ህሊና


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለህሊና ዋሴ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንዴ እንደ አባት፣ አንዴ እንደ ፈታኝ። በሁለቱም ወድቀሻል።

ሆነ ያልሽው ሁሉ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጫማዬ በእጄ ነበር። ያልሽውንም ሰምቻለሁ። የጻፍሽው ግን ትክክል አይደለም። «እሷ ከሞተች በኋላ» አላልሽም። «እግዜር አያድርገውና እሷ ከሞተች በኋላ» ነው ያልሽው። በራስሽ ላይ ስትመሰክሪ እንኳ ቃል አትጣዪ።

የወደቅሽው ያየሽውን በመመዝገብ ሳይሆን በመደምደም ነው። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ወደ ቤት ሲገባ የታየ እንደሆነ፣ እኔን ሊይዝ ነው ከማለት በፊት ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ ብሎ መጠየቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው። ማን ነበር ቤት ውስጥ? ራስሽ ጽፈሽዋል። «እማዬ መኝታ ክፍል ተኝታለች» ብለሽ ጽፈሽ፣ ነጠላ ሰረዝ አድርገሽ፣ አለፍሽው። መልሱን ጽፎ ጥያቄውን የሳተ ተማሪ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናትሽ በዚያ ወራት ሌሊቱን ሕመሙ ሲያሠቃያት ያድራል እንጂ አትተኛም። እንቅልፍ የሚወስዳት ከምሳ በኋላ መድኃኒቷን ስትውጥ ለጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መድኃኒቱን የምትሰጪያት አንቺ ነሽ። እኔ ከትምህርት ቤት የምመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። ጉሮሮዬን ከጠረግሁ ትነቃለች፤ ከነቃች መልሶ አይወስዳትም። ያም ብቻ አይደለም። ልነሣ ትላለች። ያ ሁሉ ሕመም ላይዋ ላይ ተኝቶ፣ ዋሴ መጣ ብላ አልጋውን ይዛ ብድግ ልትል ትታገላለች። ተይ ብላት አትሰማም።

አንድ ቀን ስትታገል ደርሼ ደግፌ መልሼ አስተኛኋት። እጄን ያዘችና «ዋሴ፣ ስትመጣ አትንገረኝ። ስነቃ አጠገቤ ባገኝህ ይሻለኛል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬን የማወልቀው ግቢው በር ላይ ነው። የቆርቆሮውን በር ወደ ላይ አንሥቼ ነው የምከፍተው፤ ካነሡት አይጮህም። ያንን ጠጠር በካልሲ መሄድ ምን እንደሚመስል ሚሊዮን ከፈለገ መጥቶ ይሞክረው፤ ተምሬያለሁ ለሚል ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። ገብቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስትነቃ ታየኛለች። ከዚህ ሌላ በዚያ ቤት ያጠናሁት ነገር የለም። ስልክሽን ትደብቂ እንደነበር ዛሬ ከደብዳቤሽ ነው ያወቅሁት። ስልክሽን አላየሁትም። አንቺንም አንዳንድ ቀን አላይሽም ነበር።

ለምን አልነገርኸኝም ትዪ ይሆናል። ባንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው የሚያየው ነገር ነው ብዬ ነው። ስለተናገርሽው ያን ቀን ያልመለስሁልሽ እናትሽ ስለተኛች ነው። ከቀብሩ በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ያልከለከልሁሽ ደግሞ፣ ያልሽውን የምትፈጽሚ ስለመሰለኝ ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መንገድ ላይ አልቆምም። አሁን ስረዳው ለካ ከቃልሽ ጋር አልነበረም ጉዳይሽ፤ ከካልሲዬ ጋር ነበር።

አሁን ወደ ሥራሽ። የመጨረሻው ደረጃ ይነሣ ያልሁትን ትቻለሁ። ይቆይ። ግን ሙሉ ይሁን። መኝታ ክፍሉ ውስጥ አልጋ አለ፤ አልጋው ባዶ ነው። አልጋው ላይ የተኛች ሴት ትኑር። አባወራው ጫማውን በእጁ ይያዝ። ልጅቷ የት እንደተደበቀች ማወቁን አልቃወምም፤ ይወቅ። አውቆ ይለፋት። መጋረጃውን ገልጦ ይግባና አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሌላ ምንም አያድርግ። ልጅቷ ከተደበቀችበት መውጣት ከፈለገች ትውጣ፤ ልትቀመጥም ትችላለች፤ ወንበር አስቀምጡላት። ያን ጊዜ የተጫዋቹን እጅ ለኩ። የለካችሁት ፍርሃት ከሆነ፣ በጽሑፍ ላኪልኝ፣ እኔም ስለ ፍርሃት ምንም እንደማላውቅ በጽሑፍ አረጋግጥልሻለሁ። ሌላ ነገር ከሆነ ስሙን ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ፤ እኔ ስም አላወጣሁለትም።

ተዝካሩን በሚመለከት፣ አልመጣም፣ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ ብለሻል። ምክንያቱ ስለወደቀ በእሱ ላይ የቆመውን ውሳኔ አልተቀበልሁትም። ሌላ ምክንያት ካለሽ ጻፊው፤ እመዝነዋለሁ። ትክክል ሆኖ ካገኘሁት ቅሬታ አላቀርብም፤ ለየኔነሽም ለካህናቱም ምክንያቷ ትክክል ነው ብዬ እነግራለሁ። ሌላ ምክንያት ከሌለሽ ግን የምትመጪበትን ቀን ጻፊ። እስከ ደብረ ታቦር አውቶቡስ አለ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የሚከፈትና የሚዘጋበት ቀን ስለማይታወቅ፣ ደብረ ታቦር መጥቼ እቀበልሻለሁ። ቀኑን ሳላውቅ ግን ልነሣ አልችልም፤ አስፈቅጄ የምወጣው ክፍል አለኝ።

ስለዚህ ትመጪ እንደሆነና አትመጪ እንደሆነ፣ ከነምክንያቱ ወይም ከነቀኑ፣ በእጅ ጽሑፍሽና በፊርማሽ፣ እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ። በሰው የሚላክ ቃል፣ በስልክም የሚመጣ መልስ አልቀበልም።

አባትሽ ዋሴ